ቡላ የተለጠፈበት አምፕሊፋየር

ቤዝ ጊታር በጊታር አምፕሊፋየር ሲጫወቱ ምን እንደሚሆን ወልቂጤ ውስጥ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ሰው የለም። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ ከእኔ ሌላ የሞከረው ስለሌለ ነው።

መጀመሪያ ግን ስለ ዓይን አፋርነቴ ልናገር፤ አለዚያ ነገሩ አይገባም። ዓይን አፋር ስል ሰው ፊት አንገቷን የምትደፋ ልጅ ማለቴ አይደለም። እሷማ ደፋር ናት፤ ቢያንስ ሰው ፊት ቀርባለች። እኔ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ እገባለሁ። እንግዳው ጓዳ ከገባ በጓሮ በር እወጣለሁ። ጓሮ ከመጣ እንሰቱ ውስጥ እገባለሁ። አምስተኛ ክፍል ሳለሁ መምህራችን ስም ሲጠሩ «አቤት» ማለት ስለማይሆንልኝ፣ ፊታቸው የመጀመሪያው ወንበር ላይ ተቀምጬ «ቀሪ» ይጽፉብኝ ነበር። አንድ ቀን እናቴን አስጠርተው «ልጅዎ ከትምህርት ቤት ጠፍታለች» አሏት። እኔ በሁለቱ መካከል ቆሜ ነበር። ስድስተኛን እንደ ምንም ጨርሼ ቤት ቀረሁ።

ታላቅ ወንድሜን «ጋሼ» ነው የምለው። መርካቶ የሰው ሱቅ ውስጥ ሲሠራ ኖሮ፣ በትርፍ ጊዜው ጊታር ለምዶ፣ አንድ ቀን ሱቁን ትቶ ወደ ቤት መጣ። ጊታሩን አውቶቡሱ ላይ ከጆንያና ከፍየል ጋር አስጭኖ፣ አምፕሊፋየሩን ግን ብርድ ልብስ አልብሶ የራሱ ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ እሱ ከአዲስ አበባ እስከ ወልቂጤ ቆሞ ነው የመጣው። አጠገቡ የነበሩ ሴትዮ በብርድ ልብስ የተጠቀለለውን እያዩ «በሽተኛው ምንህ ነው?» ብለው እንደጠየቁት፣ እሱም «ሁሉ ነገሬ ነው» ብሎ እንደመለሰላቸው፣ ሴትዮዋም መንገዱን ሙሉ ሲጸልዩለት እንደመጡ ራሱ ነግሮናል።

እናቴ ብርድ ልብሱን ገልጣ አየችው። በጥቁር ጨርቅ የተለበጠ ሳጥን ነው። ከፊቱ ወንፊት በመሰለ ጨርቅ ተሸፍኗል። ከላይ ባለ ቁጥር ቁልፎች ተደርድረዋል።

«ክዳኑስ?» አለችው።

«ክዳን የለውም።»

ዞራ ኋላውን አየች። «ይሄስ? ጀርባውም ክፍት ነው!»

«የጊታር አምፕሊፋየር እንደዚህ ነው የሚሠራው።»

«ልጄ፣ ጀርባ የሌለው ሳጥን ሸጡልህ» አለች፤ በጣም አዘነችለት። ለጎረቤትም እንደዚያው እያለች አወራች፤ ሰዎችም እየመጡ አጽናኑት።

ከዕቃው ጋር አንድ ሌላ ነገር ነበር፤ ጊታር የሚመስል፣ አንገቱ የረዘመ፣ አራት ወፋፍራም ክር ያለው። ቤዝ ጊታር ነው። ሻጩ አንድ ላይ ካልሆነ አልሸጥም ስላለው ነው እንጂ ወንድሜ ፈልጎት አልነበረም። ከበሮ የሚመታለት ጓደኛ ወዲያው አገኘ፤ የቡታጅራ ልጅ፣ እዚህ አጎቱ ሱቅ ጨርቅ የሚሸጥ፣ ሜትር እየለካ ሳይቀር ጠረጴዛውን በጣቱ የሚደበድብ። ሁለት ከበሮ ነበረው። ከላይ የሚንሿሿው ክብ ነገር ግን የሻይ ትሪ ነበር። ቤዙን የሚጫወት ግን ጠፋ። የመጣው ጎረምሳ ሁሉ አንስቶ ያየዋል፣ ይቆጥራል፣ መልሶ ያስቀምጣል። ከበሮ መቺው ራሱ ቆጥሮ «ወላሂ አታለውሃል፤ ሁለት ክር ጎድሎታል» አለው።

ቤዙ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። አቧራውን የምጠርገው እኔ ነኝ። ስጠርግ ክሮቹ ይነካሉ። ሲነኩ ዝቅ ያለ፣ ሰው ሳይሰማው ለራሱ የሚያጉረመርም ዓይነት ድምፅ ያወጣሉ። ይህን ድምፅ ወዲያው አወቅሁት፤ የእኔ ዓይነት ነው። ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ እንደዚያ ግድግዳ የተጠረገ ነገር አልነበረም። ጠዋት እጠርጋለሁ፣ ከሰዓት እጠርጋለሁ። በሁለት ወር ውስጥ ወንድሜ ሳሎን ከከበሮ መቺው ጋር የሚጫወታቸውን ዘፈኖች ሁሉ፣ ጓዳ ሆኜ ከሥር ከሥራቸው መከተል ቻልኩ። አንድ ቀን ወንድሜ መጋረጃውን ድንገት ገለጠው። ቤዙ ጭኔ ላይ፣ የአቧራ ጨርቁ ትከሻዬ ላይ ነበር።

«አንቺ ነሽ እንዴ? እኔ ከግድግዳው የሚያስተጋባ መስሎኝ!» አለ። ጥቂት አሰበና «ከእኛ ጋር ትጫወቻለሽ» አለኝ።

እምቢ አላልኩም፤ እምቢ ለማለት መናገር ያስፈልጋል። ከመጋረጃው ጀርባ እንድሆን ተስማማን፤ ማለት እሱ ተናገረ፣ እኔ ዝም አልኩ። አምፕሊፋየሩ ሁለት መሰኪያ ነበረው፤ በአንዱ ጊታሩ፣ በሌላው ቤዙ ገባ። ኤሌክትሪኩ ከጎረቤታችን ሆቴል ነው። እዚያ ሞተር ነበረ፣ በአጥር ላይ በተሳበ ሽቦ ይሰጡናል። ከመጫወታችን በፊት ግን ወንድሜ ጠርቶ አስጠነቀቀኝ።

«ስሚ። ይሄ የጊታር አምፕሊፋየር ነው፣ ለቤዝ አልተሠራም። ስፒከሩ ወረቀት ነው። የቤዝ ድምፅ ጉልበተኛ ስለሆነ ከገፋው ይቀደዳል። የአንቺን ቁልፍ ከሦስት ቁጥር እንዳታሳልፊ! ከተቀደደ ቤዙን በመጀመሪያው አውቶቡስ ለሻጩ እመልሰዋለሁ። እኔ ሌላ አምፕሊፋየር የለኝም።»

ጭንቅላቴን ነቀነቅሁ። ወንድሜ አምፕሊፋየሩን ነበር የሚፈራለት። እኔ የፈራሁት ለቤዙ ነው። ቤዙ ከሄደ ከሰው ጋር የምነጋገርበት ነገር ሌላ አልነበረኝም፤ የድሮው ጓዳ ውስጥ፣ ያለ ምንም፣ ልቀመጥ ነው።

ችግሩ ሦስት ቁጥር ላይ ቤዙ አይሰማም። እኔ እጫወታለሁ፤ እናቴ ጓዳ የጣደችው ሽሮ ግን ከእኔ በላይ ይሰማል። ከበሮ መቺው ትሪውን በእጁ ይዞ ዝም ያሰኝና ጆሮውን ወደ መጋረጃው ያዘነብላል።

«እህቴ፣ እየተጫወትሽ ነው ወይስ እየጸለይሽ?»

እንደዚያ ስንል መስቀል ተቃረበ። በእኛ አገር መስቀል ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። አዲስ አበባ ያለው ሰው ሁሉ ይመጣል፤ ከተማው በኮትና በአዲስ ጫማ ይሞላል። የሆቴሏ ባለቤት በአጥሩ በኩል ብቅ አሉ። ትልቅ ሴትዮ ናቸው፣ ቀስ ብለው ሲናገሩ መንገድ ማዶ ይሰማል።

«የመስቀል ማግስት ከሰዓት በረንዳዬ ላይ ትጫወታላችሁ» አሉት ወንድሜን። «ግን አደራ! የሚመጡት መርካቶ የኖሩ ሰዎች ናቸው፣ ባንድ አይተዋል። ያ ሆድ ውስጥ የሚገባው ወፍራም ድምፅ ይኑርበት። የአንተ ጊታር ብቻውን ትንኝ ነው። ድምፁ ከሌለ ሸክላዬን አጫውታለሁ።»

«ድምፁ አለን፣ እትዬ» አለ ወንድሜ፤ ወዲያው ወደ መጋረጃው አየ።

ከዚያ በኋላ በነበረው የገበያ ቀን፣ ወንድሜና ከበሮ መቺው በረንዳውን ሊለኩ ሄዱ። እናቴ ገበያ ነበረች። የሆቴሉ ሞተር ይሠራል። ቤት ውስጥ እኔ፣ ቤዙና አምፕሊፋየሩ ብቻ ነን። አራት ቁጥር ላይ አደረግሁት፤ ምንም አልሆነም። አምስት ላይ መደርደሪያው ላይ ያሉት ሲኒዎች መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ስድስት ላይ ወለሉ በእግሬ መዳፍ በኩል አናገረኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ጮክ ብዬ አላውቅም። ደስ አለኝ። ሰባት ላይ አደረግሁትና ከሁሉም ወፍራሙን ክር መታሁት።

ወፍራም ሰው ድንገት ሲቀመጥ ሱሪው የሚያወጣው ድምፅ ወጣ።

ቶሎ ወደ አንድ መለስኩት። ቀስ ብዬ እንደገና መታሁ። ጉንፋን የያዘው በግ ሆኗል። ዞሬ በክፍቱ ጀርባ አየሁ፤ የስፒከሩ ወረቀት የጣት ርዝመት ያህል ተቀድዷል። ቁጭ አልኩና ትንሽ አለቀስኩ። ሳለቅስ ግን የመጀመሪያውን አውቶቡስ እያሰብኩ ነበር፤ ጠዋት ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ ጊዜ የለኝም ማለት ነው።

ጓዳ የእናቴ የመስቀል ቡላ ነበር፣ ነጭ፣ ጥሩ ቡላ። ቡላ ሲበስል ምን ያህል እንደሚጣበቅ ድስት ያጠበ ሰው ያውቃል። ትንሽ ቀንሼ በሙቅ ውሃ በጥብጬ ሙጫ አደረግሁት። ለመለጠፊያ ቀጭን ወረቀት ፈልጌ የስድስተኛ ክፍል ደብተሬን አወጣሁ። አንዱ ገጽ ላይ መምህሬ በቀይ ቀለም «ድምፅሽን አሰሚ!» ብለው ጽፈውብኝ ነበር። ከደብተሩ ሁሉ ያንን ገጽ ነበር ማየት የማልወደው፤ ስለዚህ እሱን ቀደድኩት። ቡላ ቀብቼ በስፒከሩ ቁስል ላይ ለጠፍሁና እፍ እያልኩ አደረቅሁት።

አሁን ደግሞ ሌላ ሐሳብ መጣብኝ። ወንድሜ ከኋላ ቢያይ ወረቀቱን ያያል። ጀርባው መሸፈን አለበት። እናቴ ቆጮ እንዲብላላ የሚቀበርበትን ጉድጓድ ስትከድን ስንት ጊዜ አግዣታለሁ። የእንሰት ቃጫ አፍታትቼ ሳጥኑ ውስጥ ጠቀጠቅሁ፤ በላዩ ለመስቀል ከተቆረጠው እርጥብ ኮባ አራት ቅጠል አንዱን በአንዱ ላይ ደረብሁ፤ ዙሪያውን በቃጫ ገመድ አሰርሁት። አየር አይገባም፣ አየር አይወጣም። እናቴ ብታየው ከጉድጓዷ አትለየውም ነበር።

ልሞክረው ብዬ ቁልፉን ወደ ሦስት መለስኩና ክሩን ነካሁ።

አምላኬ! በጉ የለም፣ ትንኝ የለም፣ የሲኒ መንቀጥቀጥ የለም። ወፍራም፣ ክብ፣ ለስላሳ ድምፅ፣ ቀጥ ብሎ ሆድ ውስጥ የሚገባ። ያውም ሦስት ቁጥር ላይ!

ወንድሜና ከበሮ መቺው ደረሱ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ ወንድሜ ጀርባውን እያየ።

«ኮባ» አልኩ።

«ለምን?»

ዝም አልኩ። የእኔ ዝምታ የተለመደ ስለሆነ እንደ ጥፋት አይቆጠርም። ዕድሌ ሆኖ እናቴ ከገበያ ደርሳ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «ጀርባ ለሌለው ሳጥን ጀርባ አበጀችለት! ከእናንተ ሁሉ እሷ ትሻላለች» አለች።

ወንድሜ ሊፈታው እጁን ሲዘረጋ እኔ ቶሎ ክሩን መታሁ። እጁ አየር ላይ ቀረ። ከበሮ መቺው ሆዱን ያዘ።

«ወላሂ ገባ! እዚህ ነው የገባው!»

ወንድሜ ጉሮሮውን ጠረገ። «አዲስ አበባም ትልልቆቹ እንደዚህ ነው የሚያደርጉት» አለ። «ኮባ ስለሌላቸው በሌላ ነገር እንጂ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት አምፕሊፋየሩን እንደ ፈረስ በመዳፉ መታ መታ ያደርገዋል። «አየሽ፣ ስለምጠብቀው ነው። ስፒከሩ እንደ አዲስ ነው። እኔ የተቀደደ ስፒከር በሁለት ቤት ርቀት አውቀዋለሁ።» እኔም አንገቴን እደፋለሁ። መናገር ነበረብኝ፣ አውቃለሁ። በየቀኑ ነገ እነግረዋለሁ እላለሁ። ግን «ውሃ አምጪ» ስትባል እንኳ «እሺ» ለማለት ሦስት ጊዜ የምትተነፍስ ልጅ፣ እንደዚያ ያለውን ነገር ከየት ትጀምረዋለች?

እናቴ ደግሞ ቡላው መቀነሱን አወቀች። «አይጥ ገብቷል» አለች። ከጎረቤት ድመት ተበደረች። ድመቷ ጓዳውን አልፋ፣ ሳሎን ገብታ፣ አምፕሊፋየሩ ፊት ቁጭ አለች። ምግብ ቢሰጣት አትነሳም። በሁለተኛውም ቀን እዚያው ናት።

«ሙዚቃ ትወዳለች» አለ ወንድሜ በኩራት።

«ድመት ያለ ነገር እንደዚህ አትቀመጥም። አይጡ እዚያ ውስጥ ነው» አለች እናቴ። እኔን አየችኝ። እኔ እንሰቱ ውስጥ ገባሁ።

የመስቀል ማግስት ደረሰ። የሆቴሉ በረንዳ ላይ አንሶላ በገመድ ተዘረጋልኝ፤ ከበስተጀርባው በቢራ ሳጥን ላይ ተቀመጥሁ። አንሶላው አበባ አበባ አለው፤ በአንዱ ቀዳዳ ሁሉም ይታየኛል። አምፕሊፋየሩ ከአንሶላው ፊት ነው፤ በኮባ የታሸገ ጀርባውን ግን አንሶላውን ከፍ አድርገን ወደ እኔ አስገብተነዋል። ከወንድሜ ራስ በላይ ግድግዳው ላይ የጃንሆይ ፎቶ ተሰቅሏል። ግቢው ሙሉ ነው። ከመርካቶ የመጡት ኮታቸውን እንደለበሱ ተቀምጠዋል፤ ሽማግሌዎች ከፊት፣ ሴቶቹ በአጥሩ በኩል፣ እናቴም ከነሱ ጋር።

የመጀመሪያው ዘፈን ሲያልቅ ግቢው ጮኸ።

«ያ የሚያጉረመርመው ከየት ነው?» አለ አንድ ባለ ኮት። «ሁለት ሰው አያለሁ፣ ሦስት እሰማለሁ!»

«ሣጥኑ ነው፣ ብቻውን ይጫወታል» አለ ከበሮ መቺው ዓይኑን ሳያርገበግብ። ሰውዬው ራሱን ነቀነቀ፤ አዲስ አበባም እንደዚህ ያለ አላየሁም አለ። የሆቴሏ ባለቤት ደረታቸውን ነፍተው በጠረጴዛዎቹ መካከል መሄድ ጀመሩ። ችግሩ ፎቶው ብቻ ነበር። ወፍራሙን ክር ስመታ ጃንሆይ ትንሽ ወደ ግራ ያዘነብላሉ። ከፊት የተቀመጡ አንድ ጡረተኛ ጸሐፊ በየዘፈኑ መካከል እየተነሱ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ፎቶውን አቃንተው፣ እጅ ነሥተው ይቀመጣሉ። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ሁለት ጊዜ ተነሡ።

ቤታችን የምንለማመደው ለግማሽ ሰዓት ያህል ብቻ ነበር፤ ከዚያ ሞተሩ ይጠፋል። ዛሬ አምስተኛው ዘፈን ላይ ደርሰናል። አምፕሊፋየሩ ውስጥ እንደ አምፖል የሚበሩ ብርጭቆዎች አሉ። ለካ እነሱ እንዲቀዘቅዙ ነው ጀርባው ክፍት የሆነው። እኔ ግን ቆጮ ጉድጓድ አድርጌ ከድኜዋለሁ።

መጀመሪያ የሸተተው እኔን ነው። ደስ የሚል ሽታ ነበር። በኮባ ተጠቅልሎ እሳት ላይ ያለ ቆጮ፣ ልክ ሊወጣ ሲል የሚሸተው። ከሆቴሉ ወጥ ቤት መስሎኝ መጫወቴን ቀጠልኩ።

ሌላውም ሰው እንደዚያው መሰለው። ከፊት ያሉት ሽማግሌዎች አፍንጫቸውን ከፍ አደረጉ። አንደኛው ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ተነሡ፤ ወደ እጅ መታጠቢያው ሄዱ። ሁለት ባለ ኮቶች ተከተሏቸው። ሰልፍ ሆነ። የታጠቡት እጃቸውን እያራገፉ ተመልሰው ጠረጴዛውን ከበቡ። አንድ ሽማግሌ ምርቃት ጀመሩ። ወንድሜ በዘፈኑ መካከል ሰዉ ለምን እንደተነሣ ስላልገባው፣ ተደስተው ነው ብሎ ድምፁን ከፍ አደረገ።

የሆቴሏ ባለቤት ወደ ወጥ ቤት ሮጡ። ድምፃቸው ከከበሮው በላይ መጣ። «ማን ነው ያለ እኔ ትእዛዝ ቆጮ ያወጣው?»

«እትዬ፣ እኔ ገና እሳት አላነደድኩም!» ይላል ወጥ ቤቱ።

«እንግዲያው ምን ይሸተኛል?»

«እኔንም ሸቶኛል፣ እትዬ፤ ርቦኛል!»

በዚህ መካከል ከበሮ መቺው ሳያቋርጥ እየመታ፣ በአንዱ ዱላው አምፕሊፋየሩን አመለከተኝ። ከላይ ቀጭን ጭስ ይወጣል። ኮባው ጠውልጎ ቡናማ ሆኗል። ልስበው ብዬ ነካሁት፤ ጣቴን አቃጠለኝ። ማጥፊያው ያለው በፊት በኩል ነው። በፊት በኩል ደግሞ ሰው ነው፣ መቶ ሰው።

ያን ጊዜ ያሰብኩትን አስታውሳለሁ። ዝም ብል አምፕሊፋየሩ ይቃጠላል፣ ቤዙም አብሮ ይሄዳል። ብወጣ ኮባው ይነሣል፣ የለጠፍኩት ይታያል፣ ቤዙ ያው ይሄዳል። ሁለቱም መንገድ ወደ አውቶቡሱ ነው። ብወጣ ግን ወንድሜ ቢያንስ አምፕሊፋየሩ ይተርፍለታል።

ሦስት ጊዜ ተነፈስሁና ተነሣሁ። ቤዙን ከትከሻዬ ማውረድ ረስቼ ነበር። አንገቱ የአንሶላውን ገመድ ያዘው። ገመዱ ተበጠሰ። አንሶላው እንዳለ ወንድሜ ላይ ወደቀ። ወንድሜ፣ እግዜር ይስጠው፣ ዘፈኑን አላቋረጠም፤ ከአንሶላው ሥር አበባ አበባ ሆኖ እየዘፈነ ሳለ አልፌው ማጥፊያውን ተጫንሁ።

ጸጥ አለ። ሞተሩ ብቻ ከጓሮ ዱብ ዱብ ይላል።

«ሣጥኑ ብቻውን ነው ብለኸኝ!» አለ ያ ባለ ኮት ለከበሮ መቺው።

በቀሚሴ ጫፍ ይዤ ኮባውን ሳብሁት፤ እንፋሎት እያወጣ ተላቀቀ። ቃጫውንም ጎትቼ አወጣሁ። ምርቃት ጀምረው የነበሩት ሽማግሌ ቀርበው ቅጠሉን ገለጥ ገለጥ አደረጉት።

«ልጄ፣ ውስጡ ያለው ቆጮውስ?»

ግቢው በሳቅ ሞተ። እኔ መሬቱን አየሁ። ወንድሜ ከአንሶላው ወጥቶ ነበር፤ ጎንበስ ብሎ በክፍቱ ጀርባ አየ። ብዙ ጊዜ አየ። ከዚያ ጮክ ብሎ አነበበ።

«‹ድምፅሽን አሰሚ!› ... ይሄ ምንድን ነው?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ጓዳ የለም፣ ጓሮ የለም፣ እንሰት የለም።

«ጋሼ፣ ቀደድኩት» አልኩ። «በገበያ ቀን ሰባት ቁጥር ላይ አድርጌ ቀደድኩት። በቡላ ለጠፍኩት። ኮባውን ያደረግሁት እንዳታየው ነው።»

ከአጥሩ በኩል የእናቴ ድምፅ መጣ። «አይጧ አንቺ ነሽ! እኔ ድመት የተበደርኩት ለአንቺ ኖሯል!»

ወንድሜ ፊቱ ቀላ። «ቤዙ ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ ይሄዳል» አለ። «ብዬሻለሁ። ከተቀደደ ይሄዳል ብያለሁ።»

ቤዙን ከትከሻዬ አውርጄ በሁለት እጄ ሰጠሁት። ያለኝን ሁሉ ተናግሬ ነበር። እሱ ተቀበለኝ፤ ግን ይዞ የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት ቆመ።

ከበሮ መቺው ጎንበስ ብሎ ጣቱን በሳጥኑ ጀርባ አስገባና የተለጠፈውን ወረቀት ኳ ኳ አደረገው። «ና እስቲ ንካው» አለው ወንድሜን። «በስሏል። ድንጋይ ሆኗል። ሌላው ወረቀት ይቀደዳል እንጂ ይሄ አይቀደድም።»

«ተቀድዶ ነበር!»

«ነበር። ከዚያ ወዲህ ስንት ቀን ተጫወትክበት? ‹እንደ አዲስ ነው› እያልክ በመዳፍህ ስትመታው አላየሁህም? የተቀደደ ስፒከር በሁለት ቤት ርቀት አውቃለሁ ያልከው አንተ አይደለህም? ወላሂ በአንድ ክንድ ርቀት አላወቅኸውም!»

እጃቸውን የታጠቡት ሁሉ ሳቁ። ወንድሜም ላለመሳቅ ከንፈሩን ነከሰ።

የሆቴሏ ባለቤት ከወጥ ቤት ወጡ፣ ጭልፋ በእጃቸው። «ይሄ የቤተ ሰብ ጉዳይ ነገ ይታያል። እንግዳዬ ተቀምጧል። ድምፁ ይመለስ!»

አምፕሊፋየሩ እስኪቀዘቅዝ ወጥ ቤቱ እውነተኛውን ቆጮ ከክትፎ ጋር አወጣ፤ እጁን የታጠበ ሰው በባዶ ሊመለስ አይችልማ። ሰዉ ሲበላ ወንድሜ ጊታሩን ሞከረ፤ ደህና ነው። ከዚያ ቤዙን ራሱ ይዞ ሞከረ። ያለ ኮባው የድሮው ትንኝ ሆኗል፤ ከፍ ሲያደርገው ደግሞ የሆቴሉ ብርጭቆ ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ጡረተኛው ጸሐፊ ከነጉርሻቸው ወደ ፎቶው ተነሡ።

«ያ የሆድ ድምፅ የት ሄደ?» አሉ የሆቴሏ ባለቤት።

ወንድሜ ዝም አለ። እንደ እኔ ዝም ሲል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እኔ ግን ሳብሰለስለው ቆይቼ ነበር፤ የሚሞቁት ብርጭቆዎች ከላይ ናቸው፣ ስፒከሩ ከታች ነው።

«ታች ብቻ ነው የሚዘጋው» አልኩ። «ላዩ ክፍት ይሁን። ቅጠል ሳይሆን የጅባ ምንጣፍ።»

እናቴ ከሴቶቹ መካከል ተነሣች፤ ተቀምጣበት የነበረውን ጅባ ከሥሯ ሳበች። «እኔ መጀመሪያም ጀርባ የለውም ብያለሁ» አለች። ከወጥ ቤት ቢላ መጣ፣ ጅባው በልክ ተቆረጠ፣ ከታች በኩል በቃጫ ታሰረ። ወንድሜ ቤዙን ይዞ አንድ ጊዜ መታ። ሆዱ ሲሰማው ፊቱ ላይ አየሁት። ከዚያ ቤዙን ዘረጋልኝ።

«ከሦስት ቁጥር እንዳታሳልፊ» አለኝ።

ሌላ ስለ አውቶቡሱ የተባለ ነገር የለም፤ ከዚያን ቀን ወዲህም አልተነሣም። አንሶላው በቅባት ስለተጨማለቀና በጫማ ስለተረገጠ የሚሸፍነኝ አልነበረም። ፊቴን ወደ አምፕሊፋየሩ አዙሬ፣ ጀርባዬን ለሰዉ ሰጥቼ እስኪመሽ ተጫወትሁ። ያ ባለ ኮት «ጀርባዋ ጥሩ ይጫወታል» እያለ ሲያወራ ሰምቻለሁ።

አሁንም እጫወታለሁ። በየመስቀሉ ስፒከሩን አያለሁ፤ የተለጠፈው ወረቀት እንዳለ ነው፤ ቀዩ ጽሑፍ ቡናማ ሆኗል እንጂ። እናቴ በየዓመቱ ቡላ ስታዘጋጅ ትንሽ በሲኒ ለብቻ ታስቀምጥልኛለች፣ «ለአይጧ» ብላ። ድመቷንም አልመለስናትም፤ አምፕሊፋየሩ ሲሞቅ ላዩ ላይ ትተኛለች።

የሆቴሏ ባለቤት ደግሞ ምሳ ሰዓት ላይ ስንጫወት፣ ሰው ምግብ ሳያዝ ሲቀር፣ ቀስ ብለው ወደ እኔ ይመጣሉ። ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉ ይመስላቸዋል፤ መንገድ ማዶ ይሰማል።

«ልጄ፣ እስቲ አንድ ኮባ ጣል አድርጊበት።»